የመጀመሪያዋ ደቂቃ፦ የዶክተር ቨርጂኒያ አፕጋር ሕይወትና ሥራ

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ሆስፒታል ሕፃን በተወለደ ቁጥር በወላዷ መዝገብ ላይ ከሚሞሉት ነገሮች መካከል አንዲት አጭር ቃልና ከአጠገቧ የሚጻፉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ቃሏ አፕጋር ነች። ከቁጥሮቹ አንዱ ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዋ ደቂቃ፥ ሁለተኛው ደግሞ በአምስተኛዋ ደቂቃ የነበረበትን ሁኔታ ይገልጻል። ቃሏ በኒውዮርክም ሆነ በአዲስ አበባ፥ በወምበርማ ገጠር ባለ ጤና ጣቢያም ቢሆን ትርጉሟ አንድ ነው። የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተገጣጠሙባት አድርጎ የሚያስባት ሰው ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን የአንዲት ሴት ሐኪም የቤተሰብ ስም ነች።

ቁጥሯ ትንሽ ብትሆንም የሚጣልባት ሸክም ከባድ ነው። በወሊድ ጊዜ አየር አጥሮት፥ ሳያለቅስና ሳይንቀሳቀስ የተወለደ ልጅ ወላጆች ከሞት መትረፉን ካረጋገጡ በኋላ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ አንጎሉ ተጎድቶ ይሆን ወይስ እንደ ማንኛውም ልጅ ይሄዳል፥ ይናገራል፥ ይማራል? ከእጅ ሌላ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ ለዚህ ጥያቄ መልስ ትሆናለች ተብላ የምትነበበው ያችው ቁጥር ነች። ያበጇት ሴት ግን የሠሯት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ጉዳዩ ምን እንደነበረ የሕይወታቸው ታሪክ በሚገባ ያስረዳል።

ቨርጂኒያ አፕጋር በጁን 7 ቀን 1909 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ዌስትፊልድ በምትባል ከተማ ተወለዱ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባታቸው ቻርልስ አፕጋር ከመደበኛ ሥራቸው ሲመለሱ በቤታቸው ሬዲዮ የሚገጣጥሙና ከዋክብትን የሚመለከቱ ሰው ነበሩ። የሬዲዮ ባለሙያ ሊያልፈው የማይገባ አንድ ታሪክም አላቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ አሜሪካ ገና ገለልተኛ በነበረችበት በ1915፥ ሎንግ አይላንድ ውስጥ ሴይቪል ከተባለ ስፍራ የጀርመኖች የሬዲዮ ጣቢያ በየሌሊቱ የሚያስተላልፈውን መልእክት እኚህ ሰው በቤታቸው ባዘጋጁት መሣሪያ በሰም ሲሊንደር ላይ ቀረጹት። ቅጂው ለመንግሥት ተሰጥቶ ሲመረመር በንግድ መልእክት አምሳል የተሰወረ ምስጢር እንዳለበት ታመነ፤ ጣቢያውም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ዋለ። ቨርጂኒያ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከጫጫታ መካከል ደካማ ምልክትን ለይቶ በጊዜው መዝግቦ ማስቀመጥ ለዚያ ቤት እንግዳ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ቤቱ ሕመምም ያውቅ ነበር፤ አንድ ወንድማቸው ገና በልጅነቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞቷል፥ ሌላውም ሥር በሰደደ በሽታ ሲሠቃይ አድጓል።

በ1925 ማውንት ሆልዮክ ከተባለው የሴቶች ኮሌጅ ገብተው ሥነ እንስሳትን አጠኑ። የትምህርታቸውን ወጪ ለመሸፈን ከሠሯቸው ልዩ ልዩ ሥራዎች አንዱ ለኮሌጁ ላቦራቶሪ ድመት ማጥመድ ነበር። በ1929 ኒውዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ሲገቡ በክፍላቸው ከነበሩት 90 ተማሪዎች ሴቶቹ 9 ብቻ ነበሩ። ከመግባታቸው ጥቂት ቆይቶ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ አገሩ በሙሉ ወደ ድህነት አዘቀጠ። በ1933 ከክፍላቸው አራተኛ ሆነው ሲመረቁ ወደ 4000 ዶላር የሚጠጋ ዕዳ በራሳቸው ላይ ነበር።

ምኞታቸው ቀዶ ሐኪም መሆን ነበር። በዚያው በኮሎምቢያ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምናው ክፍል ኃላፊ በነበሩት በዶክተር አለን ዊፕል ሥር ሥራ ጀመሩ፤ ችሎታቸውም አላጠያየቀም። ዊፕል ግን ከዚያ በፊት ያሠለጠኗቸው ሴት ቀዶ ሐኪሞች ኑሯቸውን ለማሸነፍ እንደ ተቸገሩ ስላዩ፥ በዚያ ላይ የገንዘቡ ዘመን ክፉ ስለነበረ፥ ፊታቸውን ወደ ማደንዘዣ ሕክምና እንዲመልሱ መከሯቸው። ምክሩ ለሴቲቱ ብቻ ተብሎ የተሰጠ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ማደንዘዣ የሚሰጡት በአብዛኛው ነርሶች ሲሆኑ፥ የማደንዘዣው ጥበብ ካልተሻሻለ ቀዶ ሕክምናውም ወደፊት ሊራመድ እንደማይችል ዊፕል ተረድተው ነበር። አፕጋር በዊስኮንሲን በራልፍ ዋተርስ ዘንድ፥ ከዚያም በኒውዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል በሮቨንስታይን ዘንድ ተምረው በ1938 ወደ ኮሎምቢያ ተመለሱና የማደንዘዣው ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

አሥራ አንድ ዓመት ያህል ክፍሉን ሲገነቡ፥ ሐኪሞች ሲመለምሉና ሲያስተምሩ ቆዩ። በ1949 ክፍሉ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኖ ሲደራጅ የበላይነቱ ለሌላ ሰው፥ ለኢማኑኤል ፓፐር ተሰጠ። አፕጋር በበኩላቸው ሙሉ ፕሮፌሰር ተባሉ፤ በዚያ የሕክምና ኮሌጅ ለዚህ ማዕረግ የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሹመቱ ቢያልፋቸውም ከአስተዳደር ሥራ መላቀቃቸው በጀ፤ ዓለም የሚያውቃቸው ከዚያ በኋላ በሠሩት ነው።

ጊዜያቸውን በማዋለጃው ክፍል አዋሉት። ለወላድ የሚሰጠው ማደንዘዣ በሕፃኑ ላይ ምን እንደሚያደርስ በዚያን ጊዜ በውል የሚያውቅ አልነበረም። የክፍሉ ልማድ ዓይንን ሁሉ ወደ እናቲቱ ያዞረ ነበር፤ ሕፃኑ ከወጣ በኋላ ወደ ጎን ይደረጋል፥ ካለቀሰ መልካም፥ ካላለቀሰ ግን ምን መደረግ እንዳለበት የተስማማ ደንብ አልነበረም። ሰውነቱ አንሶ፥ መልኩ ጠቁሮ፥ ትንፋሹ ተቆራርጦ የተወለደ ሕፃን ሞቶ እንደ ተወለደ ተቆጥሮ የሚተውበት ጊዜ ነበር። በአሜሪካ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በየጊዜው ሲቀንስ በመጀመሪያው ቀን የሚሞቱት ግን ያን ያህል አልቀነሱም።

አንድ ቀን በሆስፒታሉ ምግብ ቤት ቁርስ ላይ ሳሉ አንድ የሕክምና ተማሪ የተወለደ ሕፃን ሁኔታ በምን እንደሚመዘን ጠየቃቸው። እርሳቸውም በአቅራቢያቸው ባገኙት ወረቀት ላይ አምስት ነጥቦች ጫሩ፤ ወዲያውም ለመሞከር ወደ ማዋለጃው ክፍል ሮጡ ይባላል።

ነጥቦቹ የልብ ምት፥ አተነፋፈስ፥ የጡንቻ ብርታት፥ ሲነኩት የሚሰጠው ምላሽና የቆዳው መልክ ናቸው። ለእያንዳንዱ 0፥ 1 ወይም 2 ይሰጣል። የልብ ምት ከሌለ 0፥ በደቂቃ ከ100 በታች ከሆነ 1፥ ከዚያ በላይ ከሆነ 2 ነው፤ የማይተነፍስ 0፥ እያቆራረጠ የሚተነፍስ 1፥ በኃይል የሚያለቅስ 2 ያገኛል፤ የቀሩትም እንዲሁ። ድምሩ ከ10 አይበልጥም።

የመለኪያ ነገር የሚያውቅ መሐንዲስ ይህን ሲያይ ቅር ሊለው ይችላል። በጣት የሚቆጠር የልብ ምትና በዓይን የሚገመት መልክ እንዴት ተደምረው አንድ ቁጥር ይሆናሉ? ክብደታቸውስ በምን ሚዛን እኩል ሆነ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ማንኛውም መሣሪያ የሚመዘነው በሚሠራበት ስፍራ ነው። እዚህ ያለው ጊዜ 60 ሴኮንድ ነው፤ ተጠቃሚው እጁ በደም የተነከረ፥ ልቡ ለሁለት ሰው የተከፈለ ሠራተኛ ነው፤ መሣሪያውም ዓይን፥ ጆሮና ጣት ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ከሦስት ደረጃ የረቀቀ መለኪያ ቢሠራ ኖሮ የሚያነበው አይገኝም ነበር። አፕጋር የፈለጉት በጊዜው የሚደርስ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ለመስጠት ሕፃኑን ማየት ግድ ይሆናል፤ ሕፃኑን ያየ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ሊቆም አይችልም። የመለኪያው ትልቁ ጥቅም ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከአምስቱ ነጥቦች ደካማው የቆዳ መልክ እንደሆነ ራሳቸው ገና በመጀመሪያው ጽሑፋቸው አስገንዝበዋል። ሕፃኑ ተሸፍኖበት የሚወጣው ነጭ ነገርና የጥቁር ሕፃናት የተፈጥሮ ቀለም ንባቡን እንደሚያውኩ አልሸሸጉም። ለጎጃም አዋላጅ ይህ ማስጠንቀቂያ የዕለት ጉዳይ ነው፤ በእኛ አገር ሕፃን መልኩ መታየት ያለበት በምላሱ፥ በከንፈሩ፥ በመዳፉና በውስጥ እግሩ ነው። ጤነኛ ሕፃን እንኳ በመጀመሪያዋ ደቂቃ እጅና እግሩ ገና ስላልቀላ ብዙ ጊዜ 10 አይሞላም።

መለኪያው በ1952 ለማደንዘዣ ሐኪሞች ጉባኤ ቀርቦ በ1953 ታተመ። ከ1000 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ የተገኘው ውጤት ግልጽ ነበር። ጊዜያቸው ደርሶ ከተወለዱት መካከል ከ0 እስከ 2 ካገኙት 14 በመቶው ሲሞቱ፥ ከ3 እስከ 7 ካገኙት የሞቱት 1.1 በመቶ፥ ከ8 እስከ 10 ካገኙት ደግሞ 0.13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለማነጻጸር ያህል፥ በአገራችን የጎንደር የጤና ኮሌጅ የተከፈተው ይህ ጽሑፍ በወጣ በዓመቱ፥ በ1954 ነው፤ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች የተሰማሩት የጤና መኮንኖችና የማኅበረሰብ ነርሶች ሥልጠና የተጀመረው ያኔ ነበር።

ተቺዎች ቁጥሩን ግምት ነው እንዳይሉት አፕጋር በዚያ አላቆሙም። ዱንካን ሆላዴይና ስታንሊ ጄምስ ከተባሉ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሕፃናቱ እንደ ተወለዱ ከእትብታቸው ደም እየቀዱ የኦክስጅኑን መጠንና የአሲዱን ኃይል መለኩ። ዝቅተኛ ቁጥር ያገኙት ሕፃናት ደም በእርግጥም ኦክስጅን ያጠረው፥ አሲድ የበዛበት ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ አዲስ የተወለደ ሕፃን ኦክስጅን ቢያጥረው የተፈጥሮ ልማዱ ነው ይባል የነበረው አስተሳሰብ በዚህ ወደቀ። ከዚሁ ምርምር አንድ የማይመች ነገርም ወጣ። ሳይክሎፕሮፔን የተባለው የማደንዘዣ ጋዝ፥ አፕጋር ራሳቸው አብልጠው የሚወዱት፥ በእንግዴ ልጁ በኩል ፈጥኖ አልፎ ሕፃኑን እንደሚያደክም ተረጋገጠ። ለወላዶች መስጠቱን ተዉት። ሳይንቲስት የወደደውን ነገር በቁጥር ተሸንፎ ሲተው ማየት እንዲህ የተለመደ አይደለም።

በ1958 ባወጡት ሁለተኛ ጽሑፍ 15,348 ሕፃናት ተካተቱ። ከጊዜ በኋላም የአምስተኛው ደቂቃ ንባብ በመጀመሪያው ላይ ተጨመረ፤ ለሕፃኑ የተሰጠው እርዳታ ሠርቶ እንደሆነ የሚያሳየው ይህኛው ነው። አፕጋር አጥብቀው ያሳሰቡት አንድ ደንብም ነበር፤ ቁጥሩን የሚሰጠው ሰው ያዋለደው ሰው መሆን የለበትም። ያዋለደ ሰው ለራሱ ሥራ ዳኛ ሲሆን ቁጥሩ ወደ ላይ መሳቡ አይቀርም። አንዲት አዋላጅ ብቻዋን በምታድርበት ጤና ጣቢያ ግን ይህ ደንብ ለመፈጸም እጅግ ያስቸግራል።

በ1959 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ጤና የማስተርስ ዲግሪ ሰጣቸው፤ በዚያው ዓመት ማርች ኦፍ ዳይምስ በሚባለው ታላቅ በጎ አድራጊ ድርጅት የተፈጥሮ ጉድለቶችን የሚመለከተው ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው በመንገድና በመድረክ ላይ ሆነ። በ1964 እና በ1965 የጀርመን ኩፍኝ ወረርሽኝ በአሜሪካ ብዙ ሕፃናትን ጎድቶ ካለፈ በኋላ ክትባቱ እንዲስፋፋ ከተከራከሩት አንዷ እርሳቸው ናቸው። በ1972 ስለ ሕፃናት የተፈጥሮ ጉድለት ለወላጆች የሚሆን መጽሐፍ ከጆን ቤክ ጋር ጽፈዋል። እርሳቸው በዚህ ሲደክሙ ቁጥራቸው ያለ እርሳቸው ዓለምን ዞረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጆሴፍ ባተርፊልድ የተባሉ የዴንቨር የሕፃናት ሐኪም አምስቱን የስማቸውን ፊደላት ለአምስቱ ነጥቦች የእንግሊዝኛ መነሻ አድርገው ለተማሪ ማስታወሻ አዘጋጁ። ስሙ ወደ ፊደልነት የተለወጠው ከዚህ በኋላ ነው። በአማርኛ ለሚያስብ ሠራተኛ ግን ፊደላቱ ምንም አያስታውሱትም፤ አምስቱን ነጥቦች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ማጥናት አለበት።

በግል ሕይወታቸው እረፍት የማያውቁ ሰው ነበሩ። ባል አላገቡም። ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ አውሮፕላን ማብረር ተማሩ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው በመንገድ ላይ ቢያጋጥም በማለት የአየር ቧንቧና ትንሽ ሰንጢ ከቦርሳቸው አይለዩም ነበር። ከሁሉ ይልቅ መሐንዲሶችን የሚያስደስተው ግን የባለ አውታር ሙዚቃ መሣሪያ ሥራቸው ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር፤ በ1950ዎቹ ካርሊን ሃቺንስ የተባለች የመሣሪያ ሠሪ ተዋውቀው ከእርስዋ ጥበቡን ተማሩና አራት መሣሪያዎች በእጃቸው ሠሩ። ለአንዱ ጀርባ የሚሆን መልካም እንጨት ሲፈለግ በሆስፒታሉ የስልክ ክፍል ውስጥ ያለው መደርደሪያ ተገኘ። ሃቺንስ ሌላ እንጨት በለውጥ ብታቀርብም የሆስፒታሉ ሰዎች እምቢ አሉ። ሁለቱ ሴቶች በ1957 አንድ ሌሊት መጥተው መደርደሪያውን ነቅለው ወሰዱት፤ ፕሮፌሰሯ ዘብ ቆሙ። ምትክ የመጣው ሳንቃ ጥቂት ረዝሞ አልገባ ስላለ ሃቺንስ በሴቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ በመጋዝ ቆረጠችው። ልኩን አስቀድሞ አለመውሰድ ከማንኛውም ወርክሾፕ የሚያስገሥጽ ጥፋት ነው።

ዶክተር አፕጋር በኦገስት 7 ቀን 1974 ብዙ ዘመን ባገለገሉበት ሆስፒታል በጉበት ሕመም ሞቱ። ቴምብር መሰብሰብ ይወዱ ነበርና በ1994 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስላቸውን በቴምብር ላይ አተመ።

ከሞታቸው በኋላ የቀጠለው የቁጥሩ ታሪክ ነው። ይህን ለመረዳት መቶ ዓመት ወደኋላ መመለስ ያሻል። በ1861 ዊልያም ጆን ሊትል የተባሉ የለንደን ሐኪም፥ ራሳቸው ከልጅነት በሽታ የተነሣ እግራቸው የተጣመመ፥ በአስቸጋሪ ወሊድና በመታፈን የተወለዱ ልጆች በኋላ የእጅና የእግር መተሳሰር እንደሚደርስባቸው በለንደን ለማዋለጃ ሐኪሞች ማኅበር አቀረቡ። ዛሬ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ሕመም ለብዙ ጊዜ በስማቸው ሲጠራ ኖሯል። በ1897 ደግሞ ሲግመንድ ፍሮይድ፥ ያኔ የነርቭ ሐኪም ሳሉ፥ ነገሩን ገለበጡት፤ አስቸጋሪው ወሊድ ራሱ ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ የደረሰበት ጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል አሉ። ክርክሩ በሁለቱ መካከል እንዳለ የአፕጋር ቁጥር ደረሰና ብዙዎች ዳኛ አድርገው ያዙት። ቁጥሩ ዝቅ ካለ አንጎል ተጎድቷል፥ ከፍ ካለ ተርፏል ተባለ።

በ1981 ካሪን ኔልሰንና ዮናስ ኤለንበርግ ወደ 49,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ሕፃናትን መዝገብ መርምረው ያሳተሙት ጥናት ይህን አስተሳሰብ አናጋው። በኋላ ሴሬብራል ፓልሲ ከታየባቸው ልጆች መካከል 73 በመቶው በአምስተኛው ደቂቃ ከ7 እስከ 10 አግኝተው የነበሩ ናቸው። በአንጻሩ ደግሞ እስከ አሥረኛው ደቂቃና ከዚያም በላይ ቁጥራቸው ከ0 እስከ 3 ሆኖ ከተረፉት 99 ልጆች ሴሬብራል ፓልሲ የታየባቸው 12 ነበሩ። በዚያ ክፉ ሁኔታ ተወልደው ከተረፉት ልጆች 80 በመቶው ለትምህርት ሲደርሱ ከባድ ጉድለት አልነበረባቸውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞችና የማዋለጃ ሐኪሞች ማኅበራትም ቁጥሩ ብቻውን የመታፈን ማረጋገጫ ወይም የአንድን ልጅ የወደፊት ዕድል መናገሪያ ሊሆን እንደማይገባው በይፋ አሳውቀዋል።

እነዚህን አኃዞች በጃቢ ጠህናን ገጠር ቤት ውስጥ ማሰብ ይገባል። ዝቅተኛ ቁጥር ተነግሮት ልጁ ሰው አይሆንም ብሎ ተስፋ የቆረጠ ቤተሰብ ከአምስት ጊዜ አራቱን ተሳስቷል። ቁጥሩ 8 ነበር ተብሎ ከዚያ ወዲያ ማንም ያላየው ልጅም አለ፤ የእርሱ ስሕተት የሚታወቀው ሳይቀመጥ ወራት ሲያልፉ ነው።

ምክንያቱ በሰውነት አሠራር ውስጥ ይገኛል። የጡንቻ መዛልና የትንፋሽ መድከም ከኦክስጅን እጥረት ብቻ ሳይሆን ከማደንዘዣ፥ ከኢንፌክሽን ወይም ያለ ጊዜ ከመወለድም ሊመጣ ይችላል፤ ቁጥሩ ውጤቱን እንጂ መንሥኤውን አይለይም። በሁለተኛ ደረጃ የአንጎል ጉዳት በአንድ ምት የሚፈጸም አይደለም። ደምና ኦክስጅን ሲቋረጥ የአንጎል ሕዋሳት ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ትንፋሽ ሲመለስ ኃይሉም ለጥቂት ሰዓታት ይመለሳል፤ ከዚያ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ሁለተኛው ውድቀት ይጀምርና ለቀናት ሊቀጥል ይችላል። መብራት ተመልሶ መጥቶ ሞተሩ ቆይቶ እንደሚቃጠል ዓይነት ነው። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ቁጥር ስለዚህ ሁለተኛው ውድቀት ልትናገር አትችልም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሞከረው ብዙ ነው። አፕጋር በሞቱ በሁለተኛው ዓመት፥ በ1976፥ ሃርቪ ሳርናትና ማርጋሬት ሳርናት የሕፃኑን ንቃት፥ የመጥባት ኃይል፥ መንቀጥቀጥና የዓይን ብሌን በተከታታይ እየተመለከቱ ጉዳቱን በሦስት ደረጃ ከፈሉት። በ1997 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ቶምሰንና ባልደረቦቻቸው ዘጠኝ ምልክቶችን በየቀኑ በእጅና በዓይን የሚመዝን መለኪያ አወጡ፤ መሣሪያ ለሌለው ሆስፒታል የሚስማማ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በለንደን ለአዋቂዎች የተሠራው፥ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ አጣርቶና አጭቆ በሰዓት 6 ሴንቲ ሜትር በሚሄድ ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው መሣሪያም በኋላ ለሕፃናት ዋለ። ከሁሉ የሚልቀው ምስል ኤም አር አይ ነው።

በሀብታም አገሮች ከ2005 ጀምሮ የወጡ ጥናቶች የሕፃኑን ሰውነት በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ ለ72 ሰዓት ወደ 33.5 ዲግሪ ማቀዝቀዝ አንጎልን እንደሚያድን አረጋገጡ። መሣሪያ አምጥቶ መትከል ለሚቀናው ባለሙያ ይህ የሚያጓጓ ነው። ነገር ግን በ2021 በህንድ፥ በባንግላዴሽና በስሪላንካ በ408 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ማቀዝቀዙ ጉዳቱን እንዳልቀነሰ፥ እንዲያውም ሞትን እንደ ጨመረ አሳየ። ለንደን ላይ የሠራ መሣሪያ ቡሬም ይሠራል ብሎ መወሰን እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ከሁሉ በፊት ያለው ችግር ቁጥሩን በትክክል ማንበብ ሳይሆን፥ ደቂቃዋን የሚቆጥር ሰው ማግኘት ነው። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገሪቱ በጤና ተቋም የተወለዱት ልጆች 26 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ቁጥሩ ወደ 48 በመቶ ከፍ አለ። በ2016 በሕይወት ከተወለዱት ከ1000 ልጆች 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ጎረቤት ሴቶች ማርያም ማርያም እያሉ በሚያዋልዱበት ቤት ሰዓት የሚመለከት የለም። ምጡ ጠንቶ ሌሊቱን ካደረ በኋላ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፥ ከዚያ እስከ ፍኖተ ሰላም መድረስ ይከተላል፤ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ደግሞ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በክረምት ወንዝ ይሞላል። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት የሆነው ከተማ ባለችበት በዚህ አካባቢ በ2023 ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላም መንገዱ ለአምቡላንስ ሲዘጋ ታይቷል። ስድስቱ ሰዓት በዚህ ጉዞ ላይ ያልቃል።

ስለዚህ ሥራው ወላዷ ባለችበት መጠናቀቅ አለበት። ከተወለዱት ሕፃናት ከ100 እስከ 10 የሚደርሱት ለመተንፈስ እርዳታ ይፈልጋሉ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ማድረቅና ጀርባን ማሸት ይበቃቸዋል፥ ከቀሩት ብዙዎቹ ደግሞ በአምቡ ባግና በልካቸው በተሠራ ጭምብል ይነሣሉ። ለዚህ መብራትም ሲሊንደርም አያስፈልግም፤ ጊዜው ለደረሰ ሕፃን የክፍሉ ተራ አየር ለመጀመሪያ እንደሚበቃ ከ2010 ጀምሮ የወጡት መመሪያዎች ይስማማሉ። እርዳታው የመጀመሪያዋ ደቂቃ እስክትሞላና ቁጥር እስኪሰጥ አይጠበቅም። የባለሙያው ድርሻ ከረጢቱ እንዳይቀደድ፥ ጭምብሉ ላይ ያለው ጎማ እንዳይደርቅ፥ ቫልቩ ከታጠበ በኋላ ተገልብጦ እንዳይገጠም መቆጣጠር ነው። ተገልብጦ የተገጠመ ቫልቭ ያለው አምቡ ባግ ሲጨመቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ለሕፃኑ ግን አየር አያደርስም።

ቁጥሩ ዝቅ ብሎ የተረፈ ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው፥ የአምስተኛውና የአሥረኛው ደቂቃ ንባብ፥ ከዚያም በተከታታዩ ቀናት ጡት ስቦ እንደሆነ፥ ተንቀጥቅጦ እንደሆነ መጻፍ አለበት። ከዚያ በኋላ ልጁን በየጊዜው የሚያየው ሰው ልዩ ሐኪም ሳይሆን የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። እናቲቱ በስድስተኛው፥ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ለክትባት ታመጣዋለች፤ አንገቱን ማቅናቱ፥ ጣቶቹን መዘርጋቱ፥ እግሮቹ እንደ መቀስ አለመተላለፋቸው በዚያ ይታያል። በዘጠነኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት ሲመጣ ደግሞ ያለ ድጋፍ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ መቻሉ ይታያል።